ከመግነዙ ሳጥን ሥር የፈላው አሸን

ካቻምና ሰኔ ሃያ ሁለት ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አማኑኤል ከተማ በሚገኘው የእናቴ ቤት ጓዳ ውስጥ አሸን ፈላ። የወጣው የጓዳው ግድግዳና የጭቃው መደብ ከሚጋጠሙበት ስንጥቅ፣ የእናቴ የመግነዝ ሳጥን ከተቀመጠበት ሥር ነው።

ሰዓቱን የማውቀው ስልኬን ስላየሁ ነው። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመለሰው የመጨረሻው ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሲወርድ የዋለው ዝናብ ማባራቱ ነው፤ ከጣሪያው ቆርቆሮ ጠርዝ ውኃው ገና ይንጠባጠባል። እኅቴ ከጓዳ ሆና፣ “እስቲ አንድ ጊዜ ና” አለችኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ስገባ ግድግዳው የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። ክንፋቸው ከገላቸው የሚረዝም ቡናማ ነፍሳት አንዱ የሌላውን ጀርባ እየረገጠ ከስንጥቁ ይወጣሉ፤ ጥቂት ይራመዱና ይነሣሉ፤ ከአምፖሉ ጋር ይጋጩና ይወድቃሉ። ወለሉ ላይ የረገፈው ክንፍ የሽንኩርት ልጣጭ የተበተነበት አስመስሎታል።

ሚኒባሱን ተውኩት። የጓዳውን መብራት አጥፍቼ የበረንዳውን አበራሁ፤ ከአምፖሉ ሥር በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውኃ አስቀመጥኩ። አሸን ብርሃን ይከተላል፤ ውኃው ላይ የሚያየውን ብርሃን ሲከተል ይሰምጣል። እኅቴ የቀረውን በመጥረጊያ ወደ በሩ ትገፋለች። እናቴ ያን ጊዜ እግሯ ከድቷት አልጋ ላይ ነበረች፤ ከዚያው ሆና የሚሆነውን በድምፅ ትከታተላለች።

ጎረቤታችን ዶሮዎቿን ተከትላ መጣች። ከእናቴ ጋር አብረው ያረጁ ሴት ናቸው፤ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አንቺ እላታለሁ። ዶሮዎቹ ሳፋው ዙሪያ የወደቀውን ሲለቅሙ በረንዳው ላይ ቆማ ተመለከተች። የሰኔ ጾም ገና አልወጣም።

“ጉድ ነው። በጾሙ ቤታችሁ ድግስ ደግሶ ዶሮዎቼን አስገደፋችሁብኝ” አለች። “አሁን ንስሐ አባት ከየት ላምጣላቸው?”

“ንስሐ አባታቸው አንቺው ነሽ” አለች እናቴ ከአልጋዋ። “ለጾም ፍቺ ቢላዋውን ይዘሽ ስትመጪ ታናዝዣቸዋለሽ።”

“አንቺን አልጋ ላይ ያስቀረሽ ይህ ምላስሽ ነው።”

“እግሬን ወሰደ እንጂ እሱን መች ወሰደው?”

ሳቁ። እኔ ወደ ጓዳ ተመልሼ የሚወጣው እንዳልቀነሰ አየሁ። ስንጥቁ ከሳጥኑ ጀርባ ገብቶ ይጠፋል። ሳጥኑን ፈቀቅ ለማድረግ ጠርዙን ስይዝ እንጨቱ ከመደቡ ጋር ተፋተገ፤ እናቴ ሰማች።

“ሳጥኑን ተወው” አለች።

“ቀዳዳው ከሥሩ ነው፣ እማ።”

“ቀዳዳውን ድፈነው። ሳጥኑን ተወው።”

ተውኩት።

ሳጥኑ ከዋንዛ እንጨት የተሠራ፣ ባለ ቁልፍ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊያነሣው የሚችል ነው። ውስጡ ከአንድ ነገር በስተቀር ምንም አልነበረበትም። በእኛ አካባቢ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች መግነዛቸውን በቁማቸው ማዘጋጀታቸው የተለመደ ነው። እናቴ ያዘጋጀችው ግን የራሷን ብቻ አልነበረም። አባቴ በሕይወት ሳለ ከቆላ የመጣ ጥጥ ገዝታ፣ ራሷ ዳምጣ፣ ራሷ ፈትላ ለሸማኔ ሰጠች። ሸማኔውን ያዘዘችው ሁለት መግነዝ እንዲሠራ አልነበረም። ለሁለት ሰው የሚበቃ አንድ ወጥ ሸማ እንዲሠራና እንዳይቆርጠው ነው። ሲደርስላት አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችው። “ከአንድ ድር ነን” ትል ነበር፤ አባቴ ይህን ስትል እየሰማ እንዳልሰማ ይሆናል።

ከዚያ አባቴ በሳንባ በሽታ ወደቀ። ሐኪም ቤት አስተኝተነው ቆየና ወደ ቤት መልሱት ተባልን። ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ዘመዶች እንድትዘጋጅ መከሯት። እናቴ ጓዳ ገብታ ሳጥኑን ከፈተች፣ ሸማውን በክንዷ ለካች፣ መሐሉ ላይ በምላጭ ነካ አድርጋ ቀደደችው። አዲስ ሸማ ሲቀደድ ድምፅ አለው። አባቴ ከዋናው ክፍል ሆኖ ሰማ። “ለማን ነው የምትቀድጂው?” ብሎ ጠየቃት። ምን እንደመለሰችለት ነግራን አታውቅም። በማግሥቱ ሞተ። በዚያው በግማሹ ተገነዘ።

“ሰው እየተነፈሰ መግነዙ አይከፈትም” የሚባል ነገር በመንደሩ ድሮም ነበረ። ከዚያ ቀን በኋላ በእናቴ ቤት ሕግ ሆነ። አባቴን የገደለው የሳንባ በሽታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሐኪሙን ወረቀት አንብቤዋለሁ። እሷም ሐኪሙ ያለውን ሰምታለች። ሲመሽና ብቻችንን ስንሆን ግን፣ “አባትህን ያስቸኮልኳቸው እኔ ነኝ” ትለኝ ነበር። ስከራከራት አትከራከርም። ሌላ ጊዜ ያንኑ ደግማ ትለዋለች።

የቀረው ግማሽ የእሷ ነበር። ከሞቷ አስቀድማ ከሁላችንም የምትፈልገው አንድ ነገር እሱ ብቻ ነው፤ በዚያ ሸማ እንድትገነዝ። እኅቴን አስምላታለች። እኔን አላስማለችኝም፤ ምክንያቱን ነገረችኝ ብቻ። “እርሳቸው ያኛውን ለብሰው ሄደዋል። እኔ ይኼኛውን ካልለበስኩ በምን ያውቁኛል?”

የዚያን ዕለት አሸኑ ጨለማው ሲበረታ በራሱ ቆመ። ሳፋውን ደጅ ደፋነው። በማግሥቱ እኅቴ ጭቃ በጭድ አቡክታ ስንጥቁን ከሳጥኑ ግራና ቀኝ እጇ እስከደረሰበት መረገችው፤ አመድ ነሰነሰችበት። ነገሩ ያለቀ መሰለን። እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሐምሌ ሲገባ፣ ስለ አፈር አሲዳማነትና ስለ ኖራ ለምሠራው ዘገባ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የግብርና ባለሙያ አነጋገርኩ። መቅረጫውን ካጠፋሁ በኋላ፣ ለመሰናበት ያህል፣ ስለ አሸኑ አነሣሁበት።

“ከደጅ ነው የገባው ወይስ ከቤት ነው የወጣው?” አለኝ።

“ከቤት። ከግድግዳው ሥር።”

“እንግዲያው ምስጥ አላችሁ። አሸን ማለት ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ ሊቆረቁር የሚሄድ። የሚበረው አይበላም። የሚበላው የማይበረው ነው፤ እሱ ደግሞ አልወጣም።”

“ቀዳዳውን መርገነዋል።”

“የመረጋችሁት መውጫውን ነው። እሱ መውጣት አይፈልግም።” ወረቀቶቹን እየሰበሰበ ነበር፤ ቆም አለ። “ከላዩ ላይ የተቀመጠ ዕቃ አለ?”

“የእንጨት ሳጥን።”

“ውስጡ ምን አለ?”

“ሸማ። የጥጥ።”

“ዛሬውኑ ክፈቱት” አለኝ።

ዛሬውኑ የሚባል ነገር አልነበረም። ያን ሳምንት መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ስልኩም ይሠራል ሲሉት ይጠፋል። በስልክ የተገናኘን ዕለት ባለሙያው ያለውን ለእኅቴ በዝርዝር ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

“አንተ ንገራት” አለች። “እኔ አብሬያት የማድር ሰው ነኝ።”

ስልኩን ለእናቴ ሰጠቻት። ደግሜ ነገርኳት።

“ይህ ባለሙያ እናት አለችው?” አለችኝ።

“አልጠየቅኩትም።”

“ስንት ዓመት ሰው ስትጠይቅ ኖረህ ዋናውን ሳትጠይቅ መጣህ።”

“እማ፣ ሸማው ሊበላ ይችላል። ምናልባትም እየተበላ ነው።”

“ቢበላ የእኔ ሸማ ነው” አለች። “ይቺ ልጅ ብቻዋን ናት። ሳጥኑ ተከፍቶ እኔን ብትቀብር ማን ሊጠብቃት ነው?” ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። የዘጋችው እሷ ትሁን ኔትወርኩ አላወቅኩም።

መንገዱ ሲከፈት ሄድኩ። በማግሥቱ እሑድ የንስሐ አባቷ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ሊረጩ መጡ። ቀድሜ ደጅ ላይ አግኝቼ ነገሩን አስረድቻቸው ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ ቀስ ብለው ይናገራሉ። መስቀላቸውን አሳልመዋት ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጡና፣ “ወለተ ማርያም” አሏት፤ ሁሉንም ሴት የሚጠሩት እንደዚያ ብለው ነው። “ሳጥን ስለከፈቱ ሰው ይሞታል የሚል ነገር በመጽሐፍ የለም። ይህ የሰፈር ወሬ ነው። እኔ አንብቤ አላገኘሁትም።”

“መጽሐፉን እርስዎ ያውቃሉ፣ አባቴ” አለች። “ያን ቀን እዚህ ቤት የነበርኩት ግን እኔ ነኝ።”

ካህኑ የሚከራከሯት መስሎኝ ጠበቅኩ። አልተከራከሩም።

“እንግዲያስ ሳትከፍቱ አንሡት” አሉኝ። ወደ እናቴ ዞረው፣ “ይህን ትፈቅጃለሽ?”

“ማንሣቱን እፈቅዳለሁ። ቀስ ብለው።”

ከእኅቴ ጋር ግራና ቀኝ ይዘን አነሣነው።

“ቀለለ” አለች እኅቴ በሹክሹክታ።

“ጨርቅ ነው” አልኳት።

ወደ ዋናው ክፍል አውጥተን በጎኑ ሳናጋድም ከሥሩ አየን። ጣውላዎቹ ከሚጋጠሙበት መስመር ላይ የጭቃ ቅርፊት ነበር፤ መዳፍ አይሞላም። በቢላዋ ፋቅኩት። ሕይወት ያለው ነገር አልወጣም። በጣቴ አንኳኳሁ፤ የደህና እንጨት ድምፅ ሰጠኝ። ከዚያ መደቡን ቆፈርነው። ክንድ ያህል ስንወርድ ነጫጮቹን አገኘናቸው፤ ክንፍ የላቸውም፤ ብርሃን ሲነካቸው ወደ አፈሩ ይሸሻሉ። የፈላ ውኃ አፈሰስንበት፤ ከጋራዥ ያመጣሁትን የተቃጠለ ዘይት ጨመርንበት፤ ጉድጓዱን በድንጋይ ሞልተን ጠቀጠቅነው። ሳጥኑን ከግድግዳው አርቀን በአራት ድንጋይ ላይ አስቀመጥነው። ቤቱ ለብዙ ጊዜ የመኪና ዘይት ሸተተ። ጎረቤታችን፣ “አሁን እንኳን አሸን፣ እኔም አልገባም” አለች። ከዚያም ገብታ ተቀመጠች።

“ምን አያችሁ?” አለች እናቴ ስንጨርስ።

“የሳጥኑ ሥር እንጨቱ ደህና ነው።”

“ውስጡስ?”

“ውስጡን አላየነውም።”

“ደግ” አለች።

ከዚያ በኋላ ስለ ሳጥኑ በቀጥታ አላወራንም። በሄድኩ ቁጥር ግን ስሄድም ስመለስም ሥሩን አያለሁ፤ ግድግዳውን በባትሪ እፈትሻለሁ። እኅቴም እኔ በሌለሁበት እንደምታደርገው አውቃለሁ፤ ከድንጋዮቹ ዙሪያ ያለው አመድ ሁልጊዜ አዲስ ነው። እናቴ የሳጥኑን ቁልፍ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ ትተኛለች። አንዳንዴ እንቅልፍ ሲወስዳት እጇ እዚያ ላይ ይሆናል። አንድ ከሰዓት በኋላ ይህን አየሁና ቁልፉን ፈትቼ ወስጄ፣ ከፍቼ አይቼ፣ መልሼ ልቋጥረው እንደምችል አሰብኩ። እኅቴ ከበሩ ላይ ሆና ታየኝ ነበር። ራሷን ነቀነቀች። “ብትነቃስ?” አላለችኝም፤ “እሷ አትፈልግም” ነው ያለችኝ። ወጥተን በረንዳው ላይ ተቀመጥን።

አምና ሰኔ ዝናቡ እንደ ልማዱ መጣ። ዝናብ ባባራ ቁጥር የበረንዳውን መብራት እያበራን ሳፋውን እናቀርባለን። ከሌላ ቤት የመጣ ጥቂት አሸን ሳፋው ውስጥ ወደቀ። ከጓዳችን ግን አንድም አልወጣም። ጎረቤታችን ዶሮዎቿን ይዛ መጥታ ባዶዋን ተመለሰች።

“ዘንድሮስ ዶሮዎቼን በግድ አስጾማችኋቸው” አለች።

እናቴ ደስ አላት። ከስታለች፤ አንገቷ ላይ ያለው ማተብ ሰፍቷታል። “አየህ” አለችኝ፤ “ሄዱ። ሳጥኑን ሳንነካ ሄዱ።”

“ሄዱ” አልኳት። ከጓዳው አለመውጣታቸውን አይቻለሁ፤ ያየሁት ይህን ነው።

ዘንድሮ ጥቅምት ውስጥ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ እናቴ ሞተች። እኅቴ አጠገቧ ነበረች። ውኃ ጠይቃ፣ ጠጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንደነበር ነገረችኝ። የዚያን ቀን መንገዱ ክፍት ነበር። ስደርስ ጎረቤቶች ደጁ ላይ ተሰብስበዋል፤ የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይተክላሉ። እኅቴ አላለቀሰችም። ቁልፉን ከመቀነቱ ፈትታ በእጇ ይዛው ነበር፤ እኔ እስክመጣ አልከፈተችውም።

ካህኑ ባሉበት ጓዳ ገባን፤ እኅቴ፣ ጎረቤታችንና እኔ። ቁልፉ አስቸገረ፣ ከዚያ ዞረ። እኅቴ ክዳኑን አነሣችው።

ሸማው እንደታጠፈ ነበር። ነጭ ነው። ከላይ ሲያዩት ምንም አልሆነም። ጎረቤታችን፣ “ተመስገን” አለች። እኅቴ ሁለት እጇን ከሥሩ ሰድዳ ስታነሣው የላይኛው እጥፋት ብቻ በእጇ መጣ። ከሥሩ ያለው አፈር ነበር። ምስጡ ከጣውላው መጋጠሚያ ገብቶ፣ ሸማውን ከታች ወደ ላይ በልቶ፣ በበላው ቦታ ጭቃ ሞልቶበታል፤ እጥፋቱ ቅርፁን የጠበቀው በዚያ ጭቃ ነው። ጭቃው ደርቋል። በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ። ሕይወት ያለው ነገር አላገኘሁበትም። ጉዳቱ የቆየ ነው፤ መደቡን ቆፍረን ዘይት ካፈሰስን ወዲህ የገባ ነገር መኖሩን የሚያሳይ ምልክት አላየሁም። ሳጥኑን ያነሣን ዕለት ምን ያህሉ ቀርቶ እንደነበር ግን ማወቅ አይቻልም።

ከደጅ የሚያለቅሱት ሴቶች ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ጎረቤታችን፣ “ይኼን ለእሷ አንነግራትም” አለች፤ ያለችውን ራሷ ሰምታ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ካህኑ፣ “ከሱቅ አስመጡ” አሉኝ። “እግዚአብሔር ጨርቅ አይመረምርም።”

ሄጄ ከአስፋልቱ ማዶ ካለው ሱቅ አቡጀዲ አስቆረጥኩ። ባለ ሱቁ ለማን እንደሆነ ስለገባው ሳይጠይቀኝ አብልጦ ለካልኝ። ስመለስ ሴቶቹ እናቴን አጥበው በሩን ዘግተው ነበር። አቡጀዲውን በበሩ ክፍተት አቀበልኳቸውና ደጅ ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ ውስጥ የሆነውን አላየሁም። ከቀብር መልስ እኅቴን ጠየቅኳት። ከተረፈው እጥፋት የሚገነዝበት ቁራጭ አልወጣም፤ ሲዘረጋ ይበጣጠሳል። እሷ ግን ምስጡ ካልነካው ጠርዝ ጥቂት ክር መዘዘች። በግንዘት ጊዜ የእጅና የእግር አውራ ጣቶች በክር ይታሰራሉ። ለዚያ የተዘጋጀ ክር ካህኑ ይዘው መጥተው ነበር፤ እኅቴ መልሳ ሰጠቻቸው። ካህኑም ተቀበሏት። የእናቴን አውራ ጣቶች እናቴ ራሷ በፈተለችው ክር አሰረቻቸው።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችንን ለብቻዋ አግኝቼ ያንኑ ጠየቅኳት። ከእኅቴ የሰማሁትን አልነገርኳትም። አንድ ዓይነት ነገር ነገረችኝ። ክሩ ሲቋጠር አልተበጠሰም፤ ይህን ሁለቱም ብለዋል።